ለወረሳችሁት የድሮ ሊቨር አክሽን ጥይት ልትሞሉ ነው? ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

ከአያት የወረሳችሁትን ሊቨር አክሽን ጠመንጃ (ከቃታው ሥር ባለ እጀታ የሚጎርሰውን) ይዛችሁ «የተተኮሰ ቀለህ መልሼ ለመሙላት የትኛውን ፕሬስ ልግዛ?» ለምትሉ፣ ጥቆማዬ አጭር ነው። ገንዘባችሁን ፕሬስ (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው መጫኛ) ላይ አትጨርሱ፤ ለመለኪያ አስቀሩ። ሕጉንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድ ያለው ሁሉ ባሩድ የመያዝ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃውን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። መቆለፊያው ላልቶ ወይም በርሜሉ ውስጡ ተበልቶ ከሆነ የምትገዙት ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው። ሞዴሉንም በደንብ እወቁ። የዊንቸስተር 1873 ሞዴል ለጥቁር ባሩድ (ለድሮው ጭሳም ባሩድ) የተሠራ ነው፤ መቆለፊያው ብዙ ግፊት አይችልም። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1892 ሞዴል ግን ከእሱ በብዙ ይጠነክራል። ችግሩ ሁለቱም 44-40 የተባለውን የጥይት ዓይነት ይጎርሳሉ። ለጠንካራው የተጻፈውን መጠን ለደካማው መሙላት አደጋ ነው። 45-70 ላይማ ብዙ የመሙያ ሠንጠረዦች እንደ ጠመንጃው ጥንካሬ በሦስት ይከፈላሉ። የእናንተ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ካላወቃችሁ ዝቅተኛው ነው የእናንተ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በጣም ርካሹ በመዶሻ እየተመታ የሚሠራው፣ ሊ የተባለው አምራች «ሊ ሎደር» ነው። ትንሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ለሊቨር አክሽን ግን ብዙም አልመክረውም። አንገታም የሆኑትን እንደ 30-30 ያሉ ቀለሆች አንገታቸውን ብቻ ነው የሚያጠብበው። የሊቨር አክሽን መቆለፊያ ደግሞ ጠበቅ ያለ ጥይት በጉልበት የማስገባት አቅም የለውም። ቀለሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ልኩ ቢመለስ ይሻላል። ለዚህ የሊ የአሉሚኒየም ፕሬስም አርሲቢኤስ የተባለው አምራች ሮክ ቸከር ፕሬስም ይሆናሉ። ሮክ ቸከር የብረት ነው፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በወር ጥቂት ጥይት ለሚሞላ ሰው ግን የሊው በቂ ነው። የአብዛኞቹ ዳይ (ፕሬሱ ላይ የሚጠመዘዘው፣ ቀለሁን የሚቀርጸው ሻጋታ) ጥርስ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፕሬስ ብትቀይሩ ዳያችሁ አይጠፋም።

ሚዛን ላይ አትሰስቱ። ባሩድ በግሬን ነው የሚለካው፤ 1 ግሬን ወደ 0.065 ግራም ገደማ ነው። ዲጂታሉ ፈጣን ነው፤ ግን አንድ ቁልፍ በስህተት ከተነካ ከግሬን ወደ ግራም ይዞራል። ማያው ላይ ያለው ቁጥር ምንም አይመስልም፣ ባሩዱ ግን ከ15 እጥፍ በላይ ሆኗል። እኔ በክንድ የሚሠራውን የድሮ ዓይነት ሚዛን እመርጣለሁ። ይዘገያል እንጂ ባትሪ አያልቅበትም። ሁለቱንም በመመዘኛ ክብደት ፈትሹ።

ሌላው ማይክሮሜትር (ውፍረትን በስሱ የሚለካ መሣሪያ) ነው። የድሮ 38-55 በርሜሎች ልካቸው አንድ አይደለም፤ ከ0.375 ኢንች እስከ 0.380 የሚደርሱ አሉ። ስለዚህ ለስላሳ እርሳስ ዘይት በተቀባ በርሜል ውስጥ በዘንግ ገፍታችሁ አውጡና ለኩ። ከዚያ የእርሳስ አረር ስትገዙ ከለካችሁት በአንድ ሺኛ ኢንች ከፍ የሚለውን ያዙ። ቀለህ ስታርላይን ከተባለው አምራች ጥሩ ነው፤ የ38-55ን ረጅሙንም አጭሩንም ይሸጣል። የትኛው ለቻምበራችሁ (ጥይቱ ለሚተኮስበት የበርሜል ክፍል) እንደሚሆን ግን ቀድማችሁ እወቁ።

አረር ሲመረጥ ድርድር የለም። በበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ የአንዱ ጥይት አፍንጫ የሌላውን ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን፣ ከቀለሁ ሥር ያለውን ካፕ) ተደግፎ ነው የሚሰለፈው። ሹል አረር ከሆነ በርግጫው ፕራይመሩን ወግቶ ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን። አምራቾቹ ሆርናዲም፣ ስፒርም፣ ሲየራም ለ30-30 ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ይሠራሉ። ሆርናዲ ሹል የሚመስል ኤፍቲኤክስ የሚባልም አለው፤ ጫፉ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ለቱቦ ታስቦ የተሠራ ነው። ሌላ ማንኛውም ሹል አረር ግን «ይመስላል» ተብሎ አይገባም።

ክሪምፕ (የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ መቆንጠጥ) አትዝለሉ። ካልተቆነጠጠ የቱቦው ስፕሪንግና እርግጫው አረሩን ወደ ውስጥ ይገፉታል። 44-40 ላይ አንገቱ ስስ ስለሆነ አረር ማስገባቱንና መቆንጠጡን አንድ ላይ ከሠራችሁት ከአንገቱ በታች ትንሽ እጥፋት ታያላችሁ። ያ ጥይት ቻምበር አይገባም። ለይታችሁ በሁለት ዙር ሥሩት። የሊ ፋክተሪ ክሪምፕ ዳይ ለዚህ ይረዳል።

ባሩድን በተመለከተ መጠኑን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ብቻ ውሰዱ፣ ከዝቅተኛው ጀምሩ። በትልቅ ቀለህ ውስጥ ትንሽ ጭስ አልባ ባሩድ ሲገባ ሁለቴ ቢሞላ እንኳ ላይታወቅ ይችላል። እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት እዩት። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍት ቦታ መቅረት የለበትም። ተኩሳችሁ ስትጨርሱም በሙቅ ውኃ እጠቡ። የሚቀረው ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ በርሜሉን ቶሎ ያዝገዋል።

በዓመት አንድ ሁለቴ ብቻ ለምትተኩሱ ግን ዕቃ ከመግዛት፣ ለድሮ ጠመንጃ ተብሎ በዝቅተኛ ግፊት የተሞላ የፋብሪካ ጥይት ይሻላችኋል። ከጠመንጃው ጋር የወረሳችሁት አሮጌ የጥይት ካርቶን ካለ ደግሞ አትተኩሱት፣ ቀለሁንም ለመሙላት አትያዙ። የጥንቶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ፕራይመሮች ነሐሱን ተሰባሪ ያደርጉታል፤ ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ሙሉ ከሆነ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፤ ለእነሱ አሳዩት።