ብስክሌት ጥገና ላይ ሴቶቹ ለምን ቆመው ያያሉ?

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት መጠገን በነጻ እናስተምራለን። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ታክሲ ለሚከብደው ሰው ብስክሌት እግሩ ነው። አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሴት ስትመጣ ወንዶቹ መፍቻውን ከእጇ ወስደው «ቆይ፣ እኔ ልሥራልሽ» ይላሉ። ብስክሌቱ ይሠራል፤ እሷ ሳትማር ትሄዳለች። ምን ይሻላል?

መልስ
እህቴ፣ እኛ ጋ አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በአፉ ብቻ ነው የሚያስረዳው። የውስጥ ጎማውን ሳፋ ውስጥ ነክራ አረፋ የሚወጣበትን ራሷ ትፈልግ። አድርቃ በብርጭቆ ወረቀት ትፈግፍገው። ማስቲሹን ከቀባች በኋላ ቁራጭ ጎማውን ከመለጠፏ በፊት ትንሽ ትታገሥ፤ ተቸኩሎ የተለጠፈ ይለቃል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ
በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ላይ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ሴቶች ዘና ብለው ሲነዱ አይቻለሁ። ቦታ ሲያገኙ ይመጣሉ። ለብቻቸው ሰዓት ስጧቸው፤ አስተማሪዋም ሴት ትሁን።

ጠያቂዋ
እጅ ወደ ኋላ የሚለውን በዚህ ቅዳሜ እንጀምራለን። የሴቶቹ ሰዓት ግን ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት የቤቱ ሥራ እነሱ ላይ ነው። ፓምፕና መፍቻ በጋራ ብንገዛስ፣ ማን ጋ ይቀመጥ ትላላችሁ?