ሶሊድ የእንጨት ወለል ራሳችን ልናነጥፍ ነው፣ በምስማር ይሻላል በኮላ ወይስ እንዲሁ መግጠም?

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በ1970ዎቹ የተሰራ ታውን ሃውስ ገዝተን ገብተናል፣ ሳሎኑና ፎቁ ላይ ያለው ምንጣፍ አርጅቶ አቧራው ልጄን ሌት ተቀን እያስነጠሳት ስለሆነ አንስተን ሶሊድ (ያልተደራረበ፣ ወጥ እንጨት) ኦክ ልናነጥፍ አስበናል። ጣውላው ውፍረቱ 3/4 ኢንች ስፋቱ 3 1/4 ኢንች፣ ወንዴና ሴቴ ያለው (የአንዱ ጠርዝ ምላስ ሌላው ጎን ቦይ ውስጥ የሚገባ)፣ ቫርኒሹ ከፋብሪካ የተቀባ ነው። ባለቤቴ መጋዝና ድሪል ይይዛል እንጂ ወለል ሰርቶ አያውቅም እኔም እንደዛው። አንዱ በምስማር ይላል፣ አንዱ በኮላ፣ የሱቁ ልጅ ደግሞ ስሩ ፎም ዘርግታችሁ ዝም ብላችሁ ግጠሙት አለን። ለእጅ ዋጋ የተጠየቅነው ከእንጨቱ ዋጋ ስለሚበልጥ ራሳችን ብንሰራው ደስ ይለናል ግን እንዲህ ያለ እንጨት ተበላሽቶ ማየት አንፈልግም። ቤዝመንቱስ ላይ ያንኑ ብናደርግ? ኮንክሪት ነው።

አናጺ_ቨርጂኒያ፦
ቤቱን የደስታ ያድርግላችሁ እህቴ። መጀመሪያ ምንጣፉን ጥግ ላይ ገልጣችሁ ከስሩ ምን እንዳለ እዩ፣ ዘዴውን የሚመርጥላችሁ እሱ ነው። 3/4 ኢንች ፕላይውድ ከሆነ በምስማር ምቱት፣ ብዙ አትጨነቁ። የወለል ምስማር መምቻ ማሽኑን ሆም ዲፖ የሚባለው የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያከራያል። ማሽኑ ጣውላው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይቀመጥና አናቱን በመዶሻው ሲመቱት ጣውላውን ወደ ጎረቤቱ እያጠበቀ ምስማሩን ከወንዴው ላይ በሰያፍ በ45 ዲግሪ ይሰደዋል፣ የሚቀጥለው ጣውላ ሲገባ ምስማሩ አይታይም። ለጀማሪ ይሄ ነው ጥሩው፣ አንዱ ጣውላ ጠማማ ከሆነ ነቅላችሁ ሌላ ትተካላችሁ። ኮላ ከደረቀ በኋላ ግን ጣውላው ሲነሳ ፕላይውዱን ቦጭቆ ነው የሚነሳው፣ ዩሬቴን የሚባለው የወለል ኮላ ደግሞ እጅ ላይ ከደረቀ በሳሙና አይለቅም፣ የተቀባ እንጨት ላይ ጠብ ካለም ወዲያው ካልጠረጋችሁት ምልክቱ ይቀራል።

ጣውላውን ከስር ወለሉን ከተሸከሙት ሞራሌዎች ጋር መስቀለኛ አድርጋችሁ አንጥፉ። ለናንተ ስፋት ምስማሩ በየ6 እስከ 8 ኢንቹ ይሁን፣ ጫፎቹ ላይ ከ1 እስከ 3 ኢንች ገባ ብሎ። ግድግዳው ጋ 3/4 ኢንች ክፍት ተዉ፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል፣ ይሄን ቦታ የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ማሽኑ ለግድግዳው ቅርብ ስለሆነ አይገባም፣ እነሱን በትንሽ ምስማር ነው የምትይዟቸው፣ ስለዚህ ክር መትታችሁ ቀጥ አድርጓቸው ምክንያቱም የመጀመሪያው ረድፍ ትንሽ ከተንሻፈፈ ክፍሉ ማዶ ስትደርሱ ጎልቶ ይወጣል። ፕላይውዱ ላይ እየተራመዳችሁ የሚንጫጫውን ቦታ ቀድማችሁ በብሎን ከሞራሌው ጋር እሰሩት፣ በኋላ አይደረስበትም።

ቤዝመንት ላይ ሶሊድ በፍጹም። ከመሬት በታች ያለ ኮንክሪት ሁሌም እርጥበት ይተፋል። እዛ ኢንጂነርድ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሰራ ጣውላ) ወይ ታይል አድርጉ።

ማሂ_ዲሲ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ በደንብ ብሎታል፣ እኔ የምጨምረው እርጥበትን ነው ምክንያቱም የዚህ አካባቢ ክረምትና በጋ ሌላ ነገር ነው፣ ሐምሌ ላይ አየሩ ውሃ ነው ጥር ላይ ደግሞ ሂተሩ ቤቱን ያደርቀዋል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም በስፋቱ ግን ይነፋል ይሸበሸባል። እርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ውድ አይደለም፣ ጣውላውንም ፕላይውዱንም ለኩ፣ ለናንተ ስፋት ልዩነቱ ከ2 ፐርሰንት እንዳይበልጥ። እንጨቱን ጋራዥ ውስጥ አትከምሩት፣ የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ኤሲው እየሰራ ካርቶኑን ከፍታችሁ አቆዩት። አንዲት ጎረቤቴ ቤት ሰራተኞቹ ከመኪና አውርደው በቀጥታ አንጥፈውት ጥር ላይ ሂተሩ ሲያደርቀው በጣውላዎቹ መሀል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ነው የወጣው። ደግሞ እባካችሁ ካለቀ በኋላ እንደ አገር ቤት ውሃ ደፍቶ መወልወል የለም፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ብቻ።

ፓርኬ_ልደታ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ወለሉ ሁሉ ኮንክሪት ስለሆነ ፓርኬ በኮላ ነው፣ ሊሾው ከደረቀ በኋላ። ስለዚህ ኮላ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ፓርኬ አጫጭር ቁራጭ ነው፣ እጅ ላይ ይታዘዛል፣ ረጅም ጣውላ ትንሽ ከጎበጠ ኮላ ብቻውን አያስተኛውም፣ ክብደት ጭኖ መጠበቅ ነው። በዛ ላይ ሊሾው ውሃ ልክ ካልሆነ ጣውላው ስር ባዶ ቦታ ይቀርና ሲረገጥ ድምጽ ያወጣል። ፕላይውድ ካላችሁ ምስማር ነው እኔም የምለው።

የስቶክሆልሙ፦
የሱቁ ልጅ ያለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፣ የዴንማርኩ የወለል ኩባንያ ጁንከርስ ሶሊድ እንጨት ከስር በብረት ክሊፕ እየተያያዘ ሳይመታ ሳይጣበቅ የሚነጠፍበት ሲስተም አለው። ግን እንጨቱ ራሱ ለክሊፑ ተብሎ ከስሩ የተቦረቦረ መሆን አለበት። ተራ ወንዴና ሴቴ ያለውን ፎም ላይ ዝም ብሎ መግጠም አይሆንም፣ ይከፋፈታል።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ማታ ጥጉን ገለጥነው፣ ፎቁና ሳሎኑ ፕላይውድ ነው፣ ጫፉን ስንለካው 3/4 ኢንች። መግቢያው ጋ ግን ከምንጣፉ ስር አሮጌ ካሬ ካሬ ታይል አለ፣ እያንዳንዱ 9 ኢንች በ9 ኢንች። ባለቤቴ በመሮ ልንቀለው እያለ ነው።

አናጺ_ቨርጂኒያ፦
አስቁሚው። ከ1980 በፊት በተሰሩ ቤቶች ያ መጠን ያለው ታይልና ስሩ ያለው ጥቁር ሙጫ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ የሚባል ለጤና አደገኛ ቃጫ አለበት። ሳይሰበር ባለበት ካለ ያን ያህል አያሰጋም፣ አቧራው ሲነሳ ነው ሳንባ የሚጎዳው። አትፈልጡት በብርጭቆ ወረቀትም አትንኩት፣ አስቤስቶስ የሚመረምር ፈቃድ ያለው ሰው ጠርታችሁ ናሙናውን ወስዶ ላቦራቶሪ ይላክላችሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ፎቁን ጀምሩ፣ መግቢያው ይቆይ። ልጅቷንም እዛ አካባቢ አታስጫውቷት።