የጥንታዊ ቤት ጣራ፦ ወራጁን ልቀጥለው ወይስ ልቀይረው?

ሰላም ወገኖች። በቅርስነት የተመዘገበውን መኖሪያ ቤታችንን ጣራ ማደስ ጀምረን መሃል ላይ ቆመናል። የሸክላ ክዳኑ አብዛኛው ደህና ነው፤ በጣት ኳ ኳ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታመመው ከሥሩ ያለው እንጨት ነው።

ወራጆቹ (ዘንበል ብለው ክዳኑን የተሸከሙት እንጨቶች) ግድግዳው ላይ በሚያርፉበት ጫፍ፣ ልክ ከአሸንዳው አጠገብ፣ ካቻቪቴ ስሰካበት እስከ እጀታው ሊገባ ምንም አልቀረው። እንጨቱ ጠቁሮ በየአቅጣጫው ተሰነጣጥቋል፤ ሲጨብጡት ዱቄት ይሆናል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ አበስባሽ ፈንገስ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ሲል ግን እንጨቱ ድንጋይ ነው።

አናጺው "ሁሉንም አውጥተን በአዲስ እንተካ" አለኝ። ልቤ እሺ አላለም። የጥንቶቹ አናጺዎች የመጥረቢያ አሻራና በየመገጣጠሚያው የቀረጿቸው ምልክቶች እስካሁን ይታያሉ! የበሰበሰውን ብቻ ቆርጬ በዚያው ዝርያ ደረቅ እንጨት ልቀጥለው አስቤያለሁ። ቅጥያው በሰያፍ ተቆርጦ በእንጨት ችንካር ቢያዝ ይበቃል ወይስ ብሎን የግድ ነው? ጫፉ ከግንቡ እርጥበት እንዳይስብስ በምን ልለየው?

ሌላው፣ የጣራው አናት ቀደም ሲል በኖራ ፈንታ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲሚንቶው አልላወስ ብሎ ሸክላዎቹን ሰንጥቋል፤ ውሃው የገባውም በዚያ ነው። ሳልሰብራቸው እንዴት ላላቅቀው?

ቤቱ አሁን በሸራ ብቻ ነው የተሸፈነው፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ዓይነት ሥራ በእጃችሁ የሠራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ የወራጆቹን ፎቶ እልካለሁ።