በ31 ዓመቴ በአሜሪካ የመንገደኞች አውሮፕላን ፓይለት ለመሆን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በቨርጂኒያ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ በመጫን እሠራለሁ፤ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። አብራሪ መሆን የልጅነት ምኞቴ ነበር፤ ዛሬም ጭነቱን ስጨርስ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ቆሜ አየዋለሁ። የቆጠብኩት 22,000 ዶላር ነው። ያነጋገርኩት ትምህርት ቤት ለሙሉ ሥልጠናው ከ100,000 ዶላር በላይ ጠየቀኝ፤ ያለኝን አሁን ከከፈልኩ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝና ቀሪውን በብድር እንደምሸፍን ነግሮኛል። ልክፈል?

መልስ (የበረራ አስተማሪ፣ ዳላስ)፦ ወንድሜ፣ አንድ ዶላር እንኳ ከመክፈልዎ በፊት የአንደኛ ደረጃ (ከፍተኛውን የአብራሪዎች) የጤና ማረጋገጫዎን ያውጡ። የልብ፣ የዓይን ወይም ቀለም የመለየት ችግር ካለ ዛሬ ማወቁ ይሻላል፤ ሥልጠናውን ጨርሰው ሥራ የሚከለከሉበትን ቀን አያምጣብዎ። የአሜሪካ ዜጋ ስላልሆኑም ከትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የማጣሪያ ፈቃድ ሳያገኙ ሥልጠናውን መጀመር አይችሉም።

ስለ ዋጋው፣ ለመጀመሪያው፣ ለግል አብራሪነት ፈቃድ ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት ቢሆንም አብዛኛው ተማሪ ከ60 በላይ ይፈጅበታል። ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ዳሽቦርድ ላይ ሆብስ የሚባል ትንሽ ቆጣሪ አለ፤ ሞተሩ ከተነሣ ጀምሮ የሰዓትን አንድ አሥረኛ እየቆጠረ ይሄዳል፤ ገና መሬት ላይ ቆመው ተራ ሲጠብቁም ሒሳቡ አይቆምም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ተማሪ የረሳውን በመከለስ ገንዘቡን ስለሚጨርስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መብረር የሚያስችል ጊዜና ገንዘብ ሳያዘጋጁ ባይጀምሩ እመርጣለሁ።

መልስ (ረዳት አብራሪ፣ አትላንታ)፦ ከባዱ ከንግድ አብራሪነት ፈቃድ (እየተከፈለዎ ማብረር ከሚያስችለው) በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያ ፈቃድ በተለመደው መንገድ በ250 ሰዓት ይገኛል፤ አየር መንገድ ለመቀጠር ግን በመሠረቱ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ ግዴታ የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ 50 ሰዎች ካለቁበት አደጋ በኋላ ነው፤ የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ስለነበሩ ሕጉ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ክፍተቱን የሞላሁት ሁለት ዓመት ተኩል በማስተማር ነው። ዝናብና ነፋስ ባለበት ቀን በረራ ስለማይኖር ገቢም አልነበረኝም፤ የቤት ኪራዩን የከፈለችው ባለቤቴ ናት። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር የሚመክሩት በትምህርቱ ክፍያ ላይ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ዓመታት ኑሮም ላይ ይሁን። ዕድሜዎ ግን አያሳስብዎ፤ የጡረታው ገደብ 65 ነው።

መልስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እባክዎ ወንድሜ፣ በቅድሚያ አይክፈሉ። እኔ በቅናሽ ተስቤ 18,000 ዶላር አስገባሁ፤ 23 ሰዓት እንደበረርኩ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቀሪው ገንዘቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በየበረራው የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ይፈልጉ። የግል ፈቃዱን በቆጠቡት ገንዘብ ይጨርሱና ስለ ብድር ያኔ ያስቡ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለትምህርት ቤቱ አሁን እንደማልከፍል ነግሬአለሁ፤ ለጤና ምርመራው ለመጪው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። በየበረራው የሚያስከፍል ትምህርት ቤት በማናሳስ ወይም በሊስበርግ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ።