በማንጋኒዝ ልኬት ማንጋኒዝ የሌለበት ማነጻጸሪያ ለምን ይደበዝዛል?

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

በጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገኘውን እጅግ አነስተኛ የማንጋኒዝ መጠን ለመለካት የምሞክረው፣ ማንጋኒዝ እንደ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር) ሆኖ፣ ፔሪዮዴት የተባለው ኦክሲዳይዘር ማላካይት ግሪን የተባለውን አረንጓዴ ማቅለሚያ የሚያደበዝዝበትን ፍጥነት መጨመሩን በመጠቀም ነው። ድብልቁን በአሴቴት ባፈር (ፒኤችን በሚያረጋጋ ሙሙት) ፒኤች 4 አካባቢ አቆይቼ፣ የማንጋኒዝን ካታሊስትነት የሚያጠናክረውን ናይትሪሎትራይአሴቲክ አሲድ ጨምሬ፣ የብርሃን መምጠጡን በ615 ናኖሜትር በየ30 ሰከንዱ እመዘግባለሁ።

የተቸገርሁት ማንጋኒዝ ያልጨመርሁበት ማነጻጸሪያ፣ 5 ማይክሮግራም ማንጋኒዝ በሊትር ከያዘው ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ናሙና) ባልተናነሰ ፍጥነት በመደብዘዙ ነው። ላቦራቶሪው ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ይብስበታል። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ብልቃጦቹን ነው፤ ቀድሞ ማንጋኒዝ ባለበት ፐርማንጋኔት ለሚደረግ ቲትሬሽን (ጠብ እያደረጉ መጠን ለመለካት) ያገለገሉ በመሆናቸው (ሳላጣራ መውሰዴ የራሴ ጥፋት ነው) አንገታቸው ላይ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ይታያል፣ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፌያቸውም አልለቀቀም።

ቀለበቱን በኦክሳሊክ አሲድ ማጠብ ይበቃል ወይስ ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ልዙር? ደግሞስ የማነጻጸሪያው መደብዘዝ ከብክለት የመጣ ይሁን ያለ ካታሊስትም ከሚካሄደው ሪአክሽን፣ በምን ዓይነት ሙከራ መለየት እችላለሁ? የብረት አዮኖችን አጥብቆ የሚይዘውን ኢዲቲኤ በጥቂቱ ጨምሮ ፍጥነቱን ማነጻጸር ያስኬድ እንደሆነ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።