ፉል ቾክ ከሞዲፋይድ ያነሰ ውጤት የሰጠኝ ለምን ይሆን?

የምኖረው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ በኤፕሪል ለሚከፈተው የዱር ተርኪ አደን ባለ 12 ጌጅ ሾትጋኔን እያዘጋጀሁ ሳለ መፍትሔ ያጣሁለት ችግር ገጥሞኛል። ቾክ ማለት ከጥይቱ የሚወጡት ጥቃቅን ፍሬዎች ብዙ እንዳይበተኑ በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠም ማጥበቢያ ሲሆን፣ ፉሉ ከሞዲፋይዱ ይበልጥ የጠበበ ነው። በ40 ያርድ ርቀት በተወጠረ ሰፊ ወረቀት ላይ ተኩሼ፣ ፍሬዎቹ ይበልጥ በተሰበሰቡበት ዙሪያ የ30 ኢንች ክብ ከሠራሁ በኋላ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ ቆጠርኩ። አንዱ ጥይት 281 ያህል ቁጥር 6 የእርሳስ ፍሬዎች ስለሚይዝ፣ ፉል ቾኩ 70 በመቶውን፣ ማለትም 197 ያህሉን፣ ክቡ ውስጥ ማሳረፍ ሲገባው በሦስት ተኩስ አማካይ 150 ብቻ አሳረፈ፤ ሞዲፋይዱ ግን 165 አሳርፏል። ይባስ ብሎ በፉሉ ወረቀት ላይ፣ ከመሃሉ በስተግራ፣ መዳፌን የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ እንስሳ አቁስሎ መልቀቅ እጅግ ስለሚከብደኝ ይህ ክፍተት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቾኩ ለዚህ ጥይት ከመጠን በላይ ጠቦ ፍሬዎቹን እያጣመመብኝ ይሆን? ሌላ ቾክ ከመግዛቴ በፊት ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ወይም ፍሬው ጠንከር ያለ ጥይት ልሞክር? በወረቀት ፈትናችሁ ያያችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።