ማታ እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ አውሮፕላን ማብረር መማር ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከአውሮራ ኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማታ ማታ ነው የምሠራው። ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ያደግሁት ቦሌ አካባቢ ስለሆነ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከቤት ሮጬ ወጥቼ ሳላይ የቀረሁበት ቀን የለም። ምኞቴ ያኔም አሁንም አንድ ነው፣ ራሴ ማብረር። አየር መንገድ ልቀጠር አላልኩም፣ ሥራዬን እወደዋለሁ። ትንሽ አውሮፕላን ይዤ እነዚህን ተራሮች ከላይ ማየት ነው የምፈልገው።

ለሰው ሳወራ «ቤት ሳትገዢ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ብቻ ነው ሞክሪው ያለኝ። የተማራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ምን ያህል ያስወጣል? እንግሊዝኛዬ ከአማካይ አይበልጥም፣ ይበቃል ወይ? ማታ እየሠራሁስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፣ ከዴንቨር

እህቴ፣ ይቻላል። እኔ ፓርኪንግና ኡበር እየሠራሁ ነው የተማርኩት፣ አሁን የግል አብራሪ ላይሰንስ አለኝ፣ ከሴንቴኒያል ኤርፖርት ነው የምበረው። አንቺ ካለሽበት ሩቅ አይደለም። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።

መጀመሪያ «ቤት ሳትገዢ» ስለሚሉሽ። ክፋት አስበው አይደለም፣ ሁላችንም የመጣነው ከችግር ነው። ግን እዚህ አገር ስንኖር አንድ ልማድ አድርገናል። የራሳችንን ምኞት ጠቅልለን ለልጆቻችን እናወርሳለን፣ «እኔስ አለፈኝ፣ እነሱ ይማሩ» እያልን። ለወላጅ የሚላከው ከተላከ፣ ኪራዩ ከተከፈለ፣ የቀረውን ገንዘብና ጉልበት የራስሽ ምኞት ላይ ማዋል ነውር የለውም። ከዚህ ላይሰንስ ገንዘብ እንደማይገኝበት ግን ከአሁኑ እወቂ። በግል ላይሰንስ ሰው አሳፍሮ ክፍያ መቀበል ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ከተሳፋሪዎችሽ ጋር የነዳጁንና የኪራዩን ወጪ እኩል መካፈል ነው። ለንግድ ላይሰንስ 250 ሰዓት፣ ለአየር መንገድ ደግሞ በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። አንቺ እንዳልሽው ለራስሽ ብለሽ ከሆነ የምትገቢው፣ ልክ ነሽ፣ ግቢ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የብዙ ሰው ሕልም የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት በረራ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 20ው ከኢንስትራክተር ጋር፣ 10ሩ ብቻሽን። በተግባር ግን አብዛኛው ሰው ከ60 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ በሰዓት ይከራያል፣ ኢንስትራክተሩም በሰዓት ይከፈለዋል፣ ተደምሮ ከ15,000 እስከ 20,000 ዶላር ብታስቢ አትሳሳቺም። ሰዓቱ ለምን ይረዝማል ብትይኝ፣ ሰው ገንዘብ ባገኘ ቁጥር በወር አንዴ ሁለቴ እየሄደ ስለሚማር ነው። አውሮፕላን ማሳረፍ በእጅ የሚገባ ነገር ነው፣ ሦስት ሳምንት ከቆየሽ እጅሽ ይረሳዋል። በሚቀጥለው ቀን የምትከፍዪው ገንዘብ ያለፈውን ለመከለስ ይሄዳል። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ የሚበር ግን በዚያው ገንዘብ እጥፍ መንገድ ይሄዳል።

ስለዚህ ምክሬ አትጀምሪ ነው፣ ገና አትጀምሪ። ቢያንስ ግማሹን ገንዘብ መጀመሪያ አጠራቅሚ። እኔ በእቁብ ነው ያደረግሁት። እጣዬ መጨረሻ አካባቢ እንዲወጣልኝ ዳኛውን ለምኜ፣ ብሩ ሲደርሰኝ ለትምህርቱ ብቻ የከፈትኩት አካውንት ውስጥ አስገባሁት። እቁቡ እስኪደርስ ደግሞ ጽሑፉን አጠናሁ። ይሄ ዋና ነገር ነው። የጽሑፍ ፈተናው 60 ጥያቄ ነው፣ 70 በመቶ ያመጣ አለፈ፣ ውጤቱም ለ24 ወር ያገለግላል። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) መጻሕፍት በነጻ ይወርዳሉ። የአየር ጠባዩን፣ የካርታውን፣ የአየር ክልሉን ሕግ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ከጨረስሽ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ሰዓት እየቆጠረብሽ የምትማሪው ማብረሩን ብቻ ይሆናል።

ሌላው፣ የትምህርቱን ሙሉ ዋጋ አንድ ላይ አትክፈዪ። «አሁን ከከፈልሽ ቅናሽ አለ» የሚል ይኖራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪ ገንዘብ አብሮ የቀረበት ጊዜ አለ። የበረርሽውን ያህል እየከፈልሽ ሂጂ።

ግሪን ካርድ ስላለሽ አንድ ተጨማሪ በር አለብሽ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ከሴፕቴምበር 11ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ በወጣው ሕግ መሠረት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በቲኤስኤ (የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) በኩል አመልክቶ፣ አሻራ ሰጥቶ መፈቀድ አለበት። ክፍያ አለው፣ ግን የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ዜግነት ከወሰድሽ ፓስፖርትሽን ወይም የዜግነት ወረቀትሽን ማሳየት ብቻ ነው። ለመቅመስ የሚደረገው ዲስከቨሪ ፍላይት ግን ይሄን አይጠይቅም። አንድ ቀን ሄደሽ፣ ኢንስትራክተር አጠገብሽ ተቀምጦ፣ መሪውን ትይዣለሽ። ማንኛውንም ወረቀት ከመሙላትሽ በፊት እሱን አድርጊ።

የሕክምና ምርመራውንም አስቀድመሽ ጨርሺ። ሦስተኛ ደረጃ ሜዲካል ይባላል፣ ኤፍኤኤ የፈቀደለት ሐኪም ጋ ነው የሚደረገው። ከ40 ዓመት በታች ከሆንሽ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በላይ ሁለት ዓመት። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ፎርሙን ከመላክሽ በፊት ሐኪሙን አማክሪ።

ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ፣ ብዙዎቻችንን የሚያስቀረን ፍርሃት እሱ ነውና። ሕጉ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳት ይጠይቃል። ሬዲዮ ላይ ግን የሚወራው እንግሊዝኛ የጓደኛ ጨዋታ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። የማማውን ስም ትጠሪያለሽ፣ የአውሮፕላንሽን ቁጥር ትናገሪያለሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደፈለግሽ። «ሴንቴኒያል ታወር» ብለሽ፣ ቁጥርሽን ብለሽ፣ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ማረፍ እፈልጋለሁ። የማማው ሰውም ራንዌዩን (ማኮብኮቢያውን) ይነግርሻል፣ አንቺ መልሰሽ ትደግሚለታለሽ። «ሆልድ ሾርት»፣ ማለትም ራንዌዩ ውስጥ ሳትገቢ ቁሚ፣ ካለሽ ያለጥያቄ ቃሉን ከነራንዌዩ ቁጥር መድገም አለብሽ። ካልገባሽ «ሰይ አጌን» ማለት መብትሽ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም። እኔ ላይቭ ኤቲሲ የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ አድርጌ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ የማማውን ንግግር ሳዳምጥ እውል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቀድሜ ምን እንደሚሉ አውቅ ነበር። አንቺ ደግሞ በየማታው ከነርሶች ሪፖርት ስትቀበዪና ስታስረክቢ የለመድሽው ነገር ነው፣ አጭር፣ በተራ፣ አንድም ሳይዘለል።

አሁን ስለዚህ አገር አየር። ቦሌ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ሴንቴኒያል ወደ 1,800 ሜትር። ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ሲሞቅ ይብስበታል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እዚህ ሴንቴኒያል መሬት ላይ ያለሽው አውሮፕላን ከ9,000 ጫማ (ወደ 2,700 ሜትር) በላይ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ለመነሳት የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል። ለዚህ ነው ባሕር ዳርቻ ያሉ ተማሪዎች ሲነሱ እስከ መጨረሻ የሚገፉትን ቀዩን የነዳጅ መቆጣጠሪያ እኛ ከመነሳታችን በፊት መለስ የምናደርገው። ሞተሩን ከፍ አድርገሽ ቀዩን ቀስ እያልሽ ወደ ራስሽ ስትስቢው ድምፁ ይጠራል፣ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ መውረድ ሲጀምር ትንሽ መልሰሽ ትገፊዋለሽ። መጀመሪያ ቀን ኢንስትራክተሬ እጄን ይዞ ሲያሳየኝ፣ ከቦሌ የሚነሱ አብራሪዎች ስለ ከፍታ የሚጨነቁበት ምክንያት ገባኝ።

እና በበጋ ትምህርት የሚሻለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ነጎድጓድ ይመጣል፣ ነፋሱም ያስቸግራል።

ብቻሽን የምትበሪበት ቀን ይመጣል። ኢንስትራክተርሽ ሳይነግርሽ አንድ ቀን መሀል ላይ አቁሚ ይልሽና በሩን ከፍቶ ይወርዳል። አንድ ሰው ስለቀነሰ አውሮፕላኑ ከለመድሽው ቀድሞ ከመሬት ይነሳል። ያን ጊዜ የቀኙን ወንበር አይተሽ ባዶ መሆኑን ስታረጋግጪ የሚሰማሽን እኔ መጻፍ አልችልም። ስትመለሺ የሸሚዝሽን ጀርባ ይቆርጡታል፣ ልማድ ነው። የኔ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ስለ ጆን ሮቢንሰን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሚሲሲፒ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቺካጎ ያለው የኩርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በጥቁርነቱ አልቀበልም ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ተቀጥሮ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ተቀበሉት። በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጣ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አየር ኃይላችንን መራ፣ በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች አስተማረ፣ በ1954 እዚያው አዲስ አበባ አረፈ። በዚያው በ1930ዎቹ ደግሞ ሙሉእመቤት እምሩ የምትባል ኢትዮጵያዊት ማብረር ተምራለች፣ ወረራው ነው ያቋረጣት። «ይሄ የኛ ነገር አይደለም» የሚልሽ ካለ እነዚህን ንገሪው።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ

ወንድማችን በደንብ ተናግሯል። እኔ በነርስነት ነው የምሠራው፣ አብራሪም ነኝ፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

እህቴ፣ ከማታ ሥራ ወጥተሽ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን አትሂጂ። የማታ ሠራተኛ «አልደከመኝም» ይላል፣ እኔም እላለሁ፣ ሰውነት ግን ይዋሻል። እረፍትሽ ቀን፣ ተኝተሽ ካደርሽ በኋላ ብቻ። እናት ስለሆንሽ ደግሞ የሕይወት ኢንሹራንስሽን ውል አውጥተሽ አንብቢ። አንዳንዱ ውል በግል አውሮፕላን የሚደርስን አደጋ አይሸፍንም፣ ወይም ተጨማሪ ያስከፍላል። ትንሽ አውሮፕላን ከአየር መንገድ አውሮፕላን ጋር አይወዳደርም፣ አደጋው ይበልጣል። ባለቤትሽ ይሄን አውቆ ነው መስማማት ያለበት።

ልጆችሽን በተመለከተ፣ ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ያንግ ኢግልስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ፈቃደኛ አብራሪዎች በነጻ ያበሯቸዋል። ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ደግሞ ሲቪል ኤር ፓትሮል የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች የአቪዬሽን ድርጅት ያስገባቸዋል፣ ግሪን ካርድ ካላቸውም ይቀበላል።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ፣ የኛ ሰማይ የተለየ ሕግ አለው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ክልል ውስጥ የበረራ ፕላን ሳያስገቡና የሚሰጠውን ኮድ አውሮፕላኑ መሣሪያ ላይ ሳይሞሉ መብረር አይቻልም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ የሆነው ኮሌጅ ፓርክ ከ1909 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሠራ ኤርፖርት ነው፣ ግን እዚያ ለመነሳት ተጨማሪ የጸጥታ ምርመራ አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ ትንሽ ራቅ ብሎ መማር ይቀላል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁለታችሁንም። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የኢንሹራንሱን ነገር አስቦት አያውቅም ነበር፣ ዛሬ ይደውላል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ ስጀምር ባልወደውስ?

መልስ፣ ከዴንቨር

ለዚህ ነው ዲስከቨሪ ፍላይቱን አስቀድሚው ያልኩሽ። ከዚያ ወጪ በኋላ እንኳን ቢሆን፣ ካልወደድሽው ተዪው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ከወደድሽው ግን በዚያው ሳምንት የቲኤስኤውን ማመልከቻ አስገቢ፣ ጊዜ ስለሚወስድ። ሜዲካሉን ቀጠሮ ያዢ። እቁብ ውስጥ ካልገባሽ የኛ እቁብ በሚቀጥለው ወር አዲስ ዙር ይጀምራል፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ከዳኛው ጋር አገናኝሻለሁ።

ለዲስከቨሪው ቅዳሜ ጠዋት ያዢ፣ ከ8 ሰዓት በፊት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነፋስ ሳይነሳ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ነኝ። ቀኑን ስታውቂ ንገሪኝ፣ ቀደም ብለሽ ከነልጆችሽ ኑና ሰስና 172 የምትባለዋን አውሮፕላን ዙሪያዋን አሳያችኋለሁ፣ ዘይት እንዴት እንደሚታይ፣ ነዳጅ ተቀድቶ ውስጡ ውሃ አለመኖሩ እንዴት እንደሚረጋገጥ። ልጆቹ እሱን በጣም ነው የሚወዱት።